ሃይልቡትና የአክስቴ ሁዳዴ

እኔ ዓሣ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ አንድ ዓሣ ስም ይህን ያህል የማወራው ከሆዴ ተነስቼ እንዳይመስላችሁ ነው። ሽታው ሲመጣ መስኮት ከሚከፍቱት ወገን ነኝ። ግን አንድ የጀርመን ቃል አውቃለሁ። ከጀርመንኛ የማውቀው ያንኑ ብቻ ነው፣ እሱም የዓሣ ስም ነው፤ ሃይልቡት። ያስተማረችኝ ከእኛ በታች ያለው ቤት ውስጥ የምትኖር ጎረቤታችን ናት። የተማርኩትም አክስቴ በሽታ ላይ ሆነው "አልበላም" ብለው ባስጨነቁኝ ሁዳዴ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። በምንኖርበት የፈረንጅ ከተማ፣ ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ ዛሬ የምታዩት የምግብ ቤትና የሱቅ ሰልፍ ያኔ የለም፤ የእኛ ሰው እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው የሚኖረው። ወደ ላይ ወጣ ሲሉ ሰፈሩ የአይሁዶች ነው። ዳቦ ቤቱ የእነሱ፣ ሥጋ ቤቱ የእነሱ፣ ቅዳሜ ጭር የሚለውም መንገድ የእነሱ። እኔ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳ ነበር። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ከአክስቴ ጋር ተከራይተን፣ እሳቸው አልጋው ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህ ቶሎ ቱግ የሚለው ጠባዬም ከሌላ ቦታ የመጣ አይመስለኝም። የወለዱት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። እሳቸው ወደ እኔ ከመጡ በኋላ ልጁ በእግሩ ወደ ሱዳን እንደወጣ ሰማን። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። አይቼዋለሁ የሚል ሰው የለም፣ ሞቷል የሚልም የለም።

ጥምቀት እንዳለፈ አክስቴ ሐሞታቸውን ታመው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ቤት ሲመለሱ ሁዳዴ ገባ። ሌላው ሰው በሦስት ሳምንት የሚሽርለት ቁስል እሳቸውን አልሽርላቸው አለ። ፋሻውን በቀየርኩ ቁጥር አፉን እንደከፈተ ነው። ሐኪሙ አየና ወደ ኮሪደር ጠርቶኝ፣ "ምንድን ነው የሚበሉት?" አለኝ። ጠዋትና ቀን ምንም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቁራሽ ዳቦና ሻይ አልኩት። ሽሮና ምስር ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆዳቸውን እየነፋ ያሰቃያቸው ስለነበር ትተውታል። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "ሰውነታቸው ቁስሉን የሚዘጋበት ነገር የለውም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ የፈለጉትን ይብሉ። ካልበሉ ቁስሉ ይመረዛል፤ እንደገና ልክፈታቸው ብል ደግሞ ልባቸው የሚችለው አይመስለኝም" አለኝ። አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ቤት ሄድን። አክስቴ ከጎኔ ሆነው በመስኮት መንገድ ያያሉ።

ቤት ገብተን ነገርኳቸው። በደንብ ሰሙኝ፤ ሲጨርሱም "አልበላም" አሉ።

"እትዬ፣ የታመመ ሰው ጾም አይገደድም እኮ። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"ጾሙማ ለበሽተኛ ይቀራል። እኔ ግን ተስያለሁ። ልጄን በዓይኔ አሳየኝ እንጂ ሁዳዴን ቅባት በአፌ አይዞርም ብዬ አፍ አውጥቼ ነግሬዋለሁ። አሁን በመሃሉ ትቼ ልጄ አንድ ነገር ቢሆን፣ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም?"

ይኸው ነው ነገሩ። ሌላ ምሥጢር የለውም። እሳቸው ካልበሉ ሊሞቱብኝ ነው፣ ከበሉ ደግሞ ልጃቸውን የገደሉት ይመስላቸዋል። ለመንኩ። "አፈር ስሆን" አልኩ፣ "በሞቴ" አልኩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ ደሜ ፈላና ድስቱን ማጠቢያው ውስጥ ወረወርኩት። ድምፁ ነው ጎረቤታችንን ያወጣት።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች የቋንቋ አስተማሪ ናት። ጀርመን ተወልዳ በልጅነቷ ያመለጠች አይሁድ፣ ባሏ ሞቶ ብቻዋን የምትኖር፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ወሬ የማትፈራ ሴት። አክስቴ "በእድሜ እናትሽ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ አንቱ በያቸው" ይሉኛል። እንግሊዝኛ አንቱ የለው፣ ምን አባቴ ላድርግ። አክስቴ ከሆስፒታል የወጡ ቀን የዶሮ ሾርባ ይዛ መጥታ ነበር። ጾም ነው ብለን መለስናት፤ ምንም አልከፋት። እሷም ብትሆን የእኛን ድስትና ሳህን አትነካም፣ የሃይማኖቷ ሕግ አይፈቅድላትም። ሻይ ስንጋብዛት ብርጭቆዋን ከቤቷ ይዛ ነው የምትመጣው። እንዲህ በመሆኗ አክስቴ ይወዷታል። ሕግ ያላቸው ሴት ናቸው ይላሉ።

ያን ቀን በር ላይ ቆማ ሳለች የሆነውን ሁሉ እያለቀስኩ ተረክኩላት። ምክር አልሰጠችኝም። "ዓሣስ?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ልናገር፣ የእኛ ሰው በዓሣ ነገር ተስማምቶ አያውቅም። ዓሣ ጾም ነው ፍስክ? አዲስ አበባ ዓርብ ቀን ምግብ ቤት ገብታችሁ ጾም አለ ወይ ስትሉ ዓሣ የሚያቀርብላችሁ አለ። ጎረቤቱ ደግሞ ያንን ሲያይ ያማትባል። አክስቴ ከሚያማትቡት ናቸው። ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ አስረዳኋት፤ ነገሩ ገብቷት "በዚህ ላይ ነው እንግዲህ መከራከር ያለብን" አለች።

በማግስቱ አንድ ሙሉ ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው አክስቴ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። እኔም እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ፍጥረት አይቼ አላውቅም። እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ወገን ናቸው፣ በሌላው ወገን ምንም የለም። "እግዚኦ" አሉ አክስቴ፤ "ይሄ ምን የሚሉት ነው? ደግሞ ክንፍና ቅርፊት አለው?"

ተረጎምኩላት። ጎረቤታችን ክንፉን በጣቷ ዘርግታ አሳየቻቸው። ከዚያ ከቤቷ ያመጣችውን ቢላዋ አንስታ ጀርባውን ፋቀችና ጥቃቅኑን ቅርፊት አውራ ጣቷ ላይ አድርጋ ወደ ዓይናቸው አስጠጋች። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ ነካ አደረጉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ነቀነቀች። አንድ ቋንቋ የማይጋሩት ሁለቱ ሴቶች በዚህኛው ጉዳይ የእኔን አስተርጓሚነት አልፈለጉም፤ ሁለቱም ከአንድ ኦሪት ነው የሚበሉት።

"ስሙን ታውቂያለሽ?" አለችኝ ጎረቤታችን ወንበር ስባ። "በእኔ ቋንቋ ሃይልቡት ይባላል። ሁለት ቃል ነው የተጣበቀው፤ ጀርመን ቃል ማጣበቅ ይወዳል። ቡት ማለት እንዲህ መሬት ላይ የሚተኛ ጠፍጣፋ፣ ጭንቅላተ ዱልዱም ዓሣ ነው። የመጀመሪያው፣ ሃይል የሚለው፣ ደግሞ ቅዱስ ማለት ነው። ቅዱሱ ጠፍጣፋ ዓሣ።"

ለአክስቴ ነገርኳቸው። "በምኑ ተቀደሰ?" አሉ። "ተአምር ሠርቷል?"

"ምንም አልሠራም" አለች። "እኔ የተወለድኩበት የባሕር ጠረፍ ከተማ ክርስቲያኖች ሥጋ በማይበሉባቸው ቅዱስ ቀኖች የሚበሉት ይህን ነበር። ቅዱሱ ቀኑ ነው፤ ዓሣው ስሙን ያገኘው ከቀኑ ነው። የቤታችን ሠራተኛ ከገበያ ስትገዛ አብሬያት እሄድ ነበር፤ ዓሣ ሻጯ እንዲህ አለችን፣ በኋላም አባቴ እውነቷን ነው አለ። አባቴም የቋንቋ ሰው ነበር።"

እኔ በዚህ መሃል አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። ያንን የመጀመሪያውን ቃል በፊልም ሰምቼዋለሁ፤ የጀርመን ወታደሮች እጃቸውን ዘርግተው ሲጮኹበት። ልጠይቅ አልጠይቅ ብዬ፣ አፌ አላርፍ አለና ጠየቅኋት።

ያጠፋሁ መስሎኝ ክው አልኩ። እሷ ግን ቢላዋውን በወረቀቱ ጠረገችና "እሱው ነው" አለች። "ሥሩ አንድ ነው። ከሥሩ ሙሉ ማለት ነው፣ ያልጎደለ፣ ጤነኛ። ቁስል ሲሽር የምንለውም ከዚያው ነው፣ ቅዱስ የምንለውም ከዚያው። እነዚያ ወስደው መንገድ ለመንገድ ጮኹበት። እሱን ሲጮኹ አባቴ ተነስቶ መስኮት ይዘጋ ነበር። ከአገር ወጥቼ እዚህ ስመጣ ይህን ዓሣ በስሙ ላለመጥራት ማልኩ። ሃሊበት እያልኩ በእንግሊዝኛ ብቻ ስጠራው ኖርኩ። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን የእንግሊዝኛውን ምንጭ ስፈልግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሃሊ ማለት በድሮው እንግሊዝኛ ቅዱስ፤ በት ማለት ያው ቡት። እዚህ ገበያ ዓሣ የሚገዛው ሁሉ ሳያውቀው ቅዱስ ይላል። እኔ ውቅያኖስ ተሻግሬ የሸሸሁት ከአንዱ ቃል ወደ ራሱ ቃል ነው።" ይህን ብላ ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ አንጀቴን በላችው።

ለአክስቴ ስተረጉም ከራሴ ጨመርኩ። "የእኛም እኮ እንዲሁ ነው እትዬ። ዳነ ስንል ቁስሉም ዳነ ነው፣ ነፍሱም ዳነች ነው። አንድ ቃል ነው። የእሷም አገር ሰዎች መሻርንና መቀደስን አልለዩትም።" እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ መውጣቱ ራሴንም ገረመኝ።

አክስቴ በትኩረት አዳመጡ። የአባቷን መስኮት መዝጋት ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን ዳሰሷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ታሪኩ ደግ ነው። አባታቸውን ነፍሳቸውን ይማር በያቸው። ግን የእነሱ ጾም ለእነሱ ነው፣ የእኔ ስለት የእኔ ነው። አልበላም።"

እንግዲህ ምን ይባላል? ዓሣውን ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩና ሹራቤን ለብሼ ወጣሁ። ቄሳችንን ፍለጋ ነው። ቄሳችን ያኔ ገና ወጣት ናቸው፤ እሁድ እሁድ በተከራየነው አዳራሽ ይቀድሳሉ፣ በሳምንቱ ቀን ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ከአንድ ቢሮ አጠገብ ፓርኪንግ ይሠራሉ። ፀሐይ ላይ ቆመው የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ አገኘኋቸው። ጠዋት ከቤታቸው የወጡት በባዶ ሆዳቸው ነው። እዚያው ቆመን አወራኋቸው። "ኦኬ፣ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። ዓሣውን ቀቅይው" አሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ዓሣ የማልወደው እኔ፣ አፍንጫዬን በጨርቅ ሸፍኜ ቀቀልኩት። ለበሽተኛ ሆድ ስለሆነ ጨውና ሎሚ ብቻ። ሦስቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጎረቤታችን ብርጭቆዋን ይዛ፣ አክስቴ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቄሱ የሥራ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አክስቴን አሳለሟቸው።

"እናቴ፣ ይብሉ። እኔ ፈቅጃለሁ" አሉ ቄሱ።

"አባቴ፣ ለኃጢአቴ ይፍቱኝ ብልዎ ይፈቱኛል። ስለትን ግን እርስዎም አይፈቱት። ያንን የሰጠሁት ስለ ልጄ ነው። አንድ ጉርሻ ልዋጥ ባልኩ ቁጥር እሱ በረሃ ላይ ሲወድቅ ይታየኛል። ይቅርብኝ፣ አያስገድዱኝ።"

ቄሱ ጥቅስ ይጠቅሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ተነስተው ማጠቢያው ላይ እጃቸውን ታጠቡ፣ ተመለሱ፣ አማተቡ፣ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ ከዓሣው ቆርሰው ጎረሱ።

ቄስ ነው፣ ሁዳዴ ነው፣ ከምእመን ፊት ነው። ጎረቤታችን እንኳ የሆነ ነገር እንደሆነ ገብቷት ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ምን እያደረጉ ነው?" አሉ አክስቴ።

"ስለቱን እያፈረስኩ ነው" አሉ ቄሱ፣ ሁለተኛ እየቆረሱ። "ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ። በልጅዎ ላይ የሚመጣ ነገር ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ እኔም ቤቴ ልጆች አሉኝ።" የሚሉትን ከልባቸው ነው ያሉት፤ ልጆቻቸውን በስም አውቃቸዋለሁ።

ሦስተኛውን ሊቆርሱ ሲሉ አክስቴ እጃቸውን ያዙ። "ይተዉ። ይተዉ አባቴ፣ የሰው ልጅ አይነኩ። ምን አድርገውዎታል እነዚያ ሕፃናት?"

"ታዲያ ማን ይብላው?"

አክስቴ ሳህኑን አዩ። ቄሱን አዩ። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ አፋቸውን ከፈቱ። ቄሱ ቆርሰው አጎረሷቸው። የቄስ እጅ አይመለስም፣ የቄስ ጉርሻም እንዲሁ። አንዷን ጉርሻ ሲያኝኩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳህኑን ከቄሱ ፊት አንስተው ወደ ራሳቸው አዞሩና ከእንግዲህ አይንኩብኝ አሉ። የቀረውን እሳቸው በሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ጎረቤታችን ዓሣ ትገዛለች፣ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እቀቅላለሁ። አክስቴ ሁልጊዜ ከመብላታቸው በፊት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ልጃቸውን በስሙ ጠርተው ይቅርታ ይጠይቁታል። ይህን በጆሮዬ እየሰማሁ ሥራ ስሄድ፣ ሆቴል ውስጥ የሰው አንሶላ እየቀየርኩ አለቅስ ነበር። ቁስሉ ግን ከዳር ከዳር መያያዝ ጀመረ። ለሆሳዕና ፋሻውን ስፈታ ተዘግቷል። ሐኪሙ ደስ አለው። እሳቸው ደስ አላላቸውም። የራሳቸው ሥጋ ዳነ፣ የልጃቸው ነገር እንዳለ ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሰው ወሬውን ሰምቶ አዳራሹ ውስጥ ቄሱን ያማ ጀመር። ቄሱ ለማንም አልመለሱም። እኔ ግን ለሁለት ሴቶች በደንብ አድርጌ መልሼላቸዋለሁ፤ የመለስኩትን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ በጋ ከካርቱም ስልክ ተደወለ። ልጁ በሕይወት አለ። ወረቀቱ አልቆ እስኪመጣ ሌላ ዓመት ፈጀ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከኤርፖርት እስከ ፌርፋክስ ድራይቭ ሳደርግ ከኋላ ወንበር አክስቴ እጁን አልለቀቁም። ቤት ገብተን ሰው ሁሉ እልል ብሎ፣ በልቶ ጠጥቶ ሲሄድ፣ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ልጁ ከስቷል። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ይዋኛል።

"ልጄ" አሉ አክስቴ፣ "ሳትቆጣኝ አንድ ነገር ልንገርህ።" ስለቱን ነገሩት። ቁስሉን፣ ሐኪሙን፣ ቄሱን ነገሩት። "እዚያ በረሃ ላይ አንተ ስትንገላታ እኔ እዚህ ተቀምጬ በላሁ። የተሳልኩልህን ለሆዴ ለወጥኩት። ይቅር በለኝ።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። የተቆጣ መሰለኝ።

"እማዬ" አለ፣ "እኔም የምነግርሽ ነገር ነበረኝ። በዚያው ሁዳዴ ነው። መጠለያው ውስጥ ወባ ጣለኝ። ዱቄት ወተት በጥብጠው ሰጡኝ። እናቴ አሁን ለእኔ ብላ እየጾመች ነው፣ እኔ እንዴት ብዬ፣ አልኩና ሁለት ቀን መለስኩት። በሦስተኛው ጠጣሁት። ከዚያ በኋላ ሁሌ ነው የጠጣሁት። የምትሰሚ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ አፈርኩ።"

"ጠጣኸው?" አሉ አክስቴ።

"ጠጣሁት።"

"ሁሉን?"

"ጣሳውን እስክልስ።"

አክስቴ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እንኳን ጠጣህ" አሉ። "እንኳን ጠጣህ የኔ ልጅ፣ እሰይ። በዚያ በረሃ ጾም ብለህ ብትሞትብኝ ምን እሆን ነበር? እግዜር ደግሞ ለዚህ የሚጠይቅህ ይመስልሃል? እንዴት አድርገህ አሰብከው?"

ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። "አንቺም እንኳን በላሽ፣ እማዬ" አላቸው።

አክስቴ እጃቸው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀሩ። ከዚያ ባሳደጉኝ ዘመን ሁሉ አይቼው በማላውቀው ለቅሶ አለቀሱ፤ እሱም እኔም አላባበልናቸውም፣ እስኪወጣላቸው ጠበቅናቸው።